ከኮፈኑ ላይ ያልተነሳ እጅ

ሎዌል ፕራተር የተዘረጋለትን የሻጩን የሮስኮ ቢንገምን እጅ ሳይጨብጥ አለፈና መዳፉን የአሮጌዋ ኮርቬት መኪና ኮፈን ላይ አሳረፈ። ኮፈኑ ሞቋል።

የፀሐይ ሙቀት አልነበረም። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ደፈነ ነው፣ መኪናዋም የቆመችው ጎተራው ውስጥ ጥላ ሥር ነው። ደግሞ የኮርቬት ኮፈን ቆርቆሮ አይደለም። ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። እሱ ከሞቀ፣ ከሥሩ ያለው ሞተር ቢያንስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። ሎዌል ግን በስልክ አደራ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኔ እስክመጣ እንዳታስነሳት።

ያረጀ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው። ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ ጉልበቱ የሚንቋቋ ሽማግሌ ቀትር ላይ ገበያ መሐል ቢያዩት በሽታው አይታወቅበትም። ሞተርም እንደዚያው ነው። አስቀድሞ አሙቆ የሚያቀርብ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው፣ ይህንን በዚያ በኢንዲያና የበቆሎ አገር አሮጌ ትራክተር ገዝቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል።

ሎዌል ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራቱን ያሳለፈው የመኪና በርና ጣሪያ በሚያትም ፋብሪካ ውስጥ፣ ቤት የሚያህል የብረት መጭመቂያ ፕሬስ ሥር ቆሞ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንዲት ኮርቬት ከነዳጅ ማደያ ወጥታ ወደ ደቡብ ስትታጠፍ አየ። ያን ቀን የለበሰውን ሸሚዝ እንኳ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ከዚያ ልጆች መጡ፤ ጥርሳቸው በሽቦ የሚታሰር፣ እግር ኳስ የሚጫወቱ፣ ኮሌጅ የሚገቡ ልጆች። እሱም የሌላውን ሰው በር እያተመ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን ሸጠ፤ ሦስት በጋ ሙሉ ደግሞ የመቃብር ቦታ ሣር አጨደ። አሁን በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ያለው ፖስታ አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ይዟል። ሚስቱ ኢኔዝ ስለዚህ ፖስታ የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«የፈለግከውን ግዛበት፣ አልከለክልህም። ግን ይኼ የአንድ ጊዜ ነው። ብትሰበርብህ ሁለተኛ የለም፤ ለቤቱ ጣሪያ ያስቀመጥነውን አትነካውም።»

ሌላም ነገር አለ፤ ሎዌል ለማንም የማይናገረው። ፕሬሱ ጆሮውን በልቶታል። ወፍራሙን ድምፅ ትቶለት ቀጭን ቀጭኑን ወስዶበታል፤ ወፍ፣ የስልክ ጥሪ፣ የልጅ ልጆቹ ሹክሹክታ የለም። ሁለት የጆሮ መሣሪያ አድርጎ ይሄዳል፣ ሰው ሲጠይቀው ሁልጊዜ «ይሰማኛል» ይላል። ዛሬ ጆሮ ሆኖት እንዲመጣ የተቀጠረው የኢኔዝ ወንድም ሜርል ነበር። ሜርል ግን ጠዋት ካልሲውን ሊያጠልቅ ሲያጎነብስ ወገቡ ተያዘና እንደ ታጠፈ ቀረ። ሎዌል ለኢኔዝ ይህን አልነገራትም። ከሜርል ጋር እንደሚሄድ ሰው ተሰናብቷት ብቻውን ስልሳ ኪሎ ሜትር ነዳ።

ሮስኮ ቢንገም ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በዚያ አውራጃ የገበሬ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ አርባ ዓመት ሙሉ ያጫረተው እሱ ነው። እንኳን መኪና፣ የተነቃነቀ ጥርስ ለባለቤቱ መልሶ ይሸጣል ይባልለት ነበር። ስለ ኮፈኑ ሙቀት ሲጠየቅ ምላሱ አልተያዘም። አቧራ ይዟት ስለነበር ወደ ውኃው ቧንቧ አውጥቷት፣ አጥቧት፣ መልሷት ነው፤ በዚያ ላይ ባትሪው እንዳይደክም ትንሽ አቆይቷት ነው፤ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን አይጠርግም ወይ?

«እጠብቃለሁ» አለ ሎዌል።

«ምኑን?»

«እስክትቀዘቅዝ።»

ሮስኮ ሳቀ። «ልጄ፣ ይኼ ብረት ነው እንጂ ሾርባ አይደለም። ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ከፎርት ዌይን ሌላ ሰው ይመጣል፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ።»

ገና ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሎዌል ከኮፈኑ ላይ እጁን አላነሳም። ሮስኮ ያን ጊዜ ነው እጁን ልብ ብሎ ያየው፤ ሳቁም ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

በዚያ አገር ከሐራጁ የተረፈው ጥቃቅን ዕቃ፣ መዶሻው፣ ሰሃኑ፣ ፋኖሱ፣ ዋጋ ተለጥፎበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ እጁን ዕቃው ላይ ያሳረፈ ሰው እጁን እስኪያነሳ ድረስ፣ በተባለው ዋጋ የመውሰድ መብቱ የእሱ ነው። ቢያስብም፣ ቢያገላብጥም፣ ሚስቱን ቢጠራም ማንም አይነጥቀውም። ካነሳ ግን አለቀ። ይህንን ሕግ በድምፅ ማጉያ አርባ ዓመት ያወጀው ራሱ ሮስኮ ነው። በመኪናዋ ዋጋ ደግሞ በስልክ ተስማምተዋል፤ አሥር ሺህ ስምንት መቶ።

«ያ ለጠረጴዛ ዕቃ ነው» አለ ሮስኮ።

«አርባ ዓመት ስትጮኸው እንደዚያ ስትል አልሰማሁህም።»

ሮስኮ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ገብቶ ወንበር አመጣለት።

እንዲህ ሆነው ተቀመጡ፤ አንዱ ክንዱን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ፣ ሌላው የተገለበጠ ባልዲ ላይ። ሎዌል መኪናዋን ለማየት በቂ ጊዜ አገኘ። በፈረንጆቹ የሰባ ስድስት ሥሪት ናት። የደም መልክ የነበረው ቀለሟ ትከሻዋ ላይ ገርጥቶ የጡብ መልክ ይዟል፣ የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ተሰንጥቋል። ከታች የሚሸከማትን ብረት፣ ሻሲዋን፣ ግን ሲደርስ አጎንብሶ፣ ግራ እጁን ኮፈኑ ላይ እንደያዘ በቀኝ እጁ አንኳኩቶት ነበር፤ ዝገት አልበላውም። መልኳ የተስማሙበት ዋጋ የሚገባው ነው። የቀረው ሞተሩ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ እጁ ሥር ሞቆ ተኝቷል።

ሮስኮ ማውራት ጀመረ። ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ጎማዎቹ፣ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለች መኪና ዳግም ስለማትገኝ፣ በሰፈሩ ጠብቀው ጠብቀው ስለሞቱ ሰዎች አወራ። ድምፁ እንደ ወንዝ ነው፣ መግቢያና መውጫ የለውም። በመሐሉ በረዶ የተሞላ ቀዝቃዛ ሻይ አመጣ፣ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችም አመጣ። ሎዌል በቀኝ እጁ በላ፣ ጠጣ። ብርጭቆው ሲጎድል ሮስኮ ይሞላል። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሎዌል ፊኛው ወጠረበት። ቀና ብሎ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አየ፣ የሮስኮን ፊት አየ፣ ነገሩም ገባው። የሽማግሌው ብርጭቆ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉ እንደሆነ ነው።

«ደግ ሰው ነህ፣ ሮስኮ» አለና ብርጭቆውን መሬት ላይ ደፋው።

«ሙቀት ነው ብዬ እኮ ነው» አለ ሮስኮ፣ ሳያፍር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ወሬው ሎዌልን ማሸነፍ ጀመረ። ውስጡ አንድ ድምፅ እንዲህ ይለው ነበር፦ ሰውዬው እውነቱን ቢሆንስ? አጥቧት ብቻ ቢሆንስ? አርባ አራት ዓመት የጠበቅካት ነገር እጅህ ሥር ሆና በጥርጣሬህ ልታመልጥህ ነው? ለመነሳትና ፖስታውን ለማውጣት ቃጣው። ይልቅ በነጻ እጁ ሁለቱን የጆሮ መሣሪያ ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ዓለሙ ሁሉ ጸጥ አለ። የሮስኮ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ይወራጫል፣ ከአፉ ግን የሚመጣ የለም። ለሎዌል የቀረለት መዳፉ ብቻ ነበር። ሙቀቱ ከመዳፉ ሥር ቀስ በቀስ ሲሸሽ ይሰማው ጀመር።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አሥር ደቂቃ ላይ አንድ ንጹሕ ነጭ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። የፎርት ዌይኑ ሰው ውሸት አልነበረም። ጋሬት ይባላል፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፣ ጫማው ላይ አንድ የጭቃ ነጠብጣብ የለም። ኮርቬቷን እየተዟዟረ አያትና ሎዌል ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አንድ ነገር ተናገረ። ሎዌል መሣሪያዎቹን ከኪሱ አውጥቶ በአንድ እጁ እየተንደፋደፈ ጆሮው ውስጥ መለሰና እንዲደግምለት በአገጩ ጠቆመው።

«እየገዟት ነው ወይስ እየጸለዩላት ነው ያልኩት፣ ጌታዬ?»

«ሁለቱንም» አለ ሎዌል።

ጋሬት ወደ ሮስኮ ዞረ። አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ እንደሚሰጥ፣ ማስነሳትም ሆነ መንዳት እንደማያስፈልገው፣ የሚጭናት ተጎታች ከኋላው እየመጣ እንደሆነ ነገረው። ሰባት መቶ ዶላር ብልጫ፣ ያለ ጥያቄ። ሮስኮ ዓይኑን ከጋሬት ወደ ሎዌል እጅ፣ ከእጁ ወደ ጋሬት አመላለሰ። ሎዌል መዳፉን ብቻ ጫን አደረገ። ቢለምን ሕጉ ልመና እንደሚሆን፣ ቢቆጣም ጠብ እንደሚሆን ያውቃል። ፊኛው ሊፈነዳ ደርሷል፤ ጉልበቱን ከጉልበቱ ገጥሞ ተቀመጠ።

«የሰውዬው እጅ አለበት» አለ ሮስኮ በመጨረሻ፣ እንደ ተበደለ ሰው። «አርባ ዓመት ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ቃሌን አልበላም።» ወደ ሎዌል ዞረ። «ግን እስከ አሥር ሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ወይ ትከፍላለህ ወይ ታነሳለህ። ሌሊቱን እዚህ አታድርም።»

ጋሬትም ሊጠብቅ ቆየ። አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሎዌል ተነስቶ ቆመ። ኮፈኑን በአንድ እጁ ከፈተና፣ ሌላውን እጁን ከመኪናዋ ሳያላቅቅ፣ ከኮፈኑ ወደ ሞተሩ ብረት አሻገረው። ለብ ብሏል። ሙሉ በሙሉ አልቀዘቀዘም። ግማሽ ሰዓት ቢጨመርለት በወደደ፤ ግን ግማሽ ሰዓት የለውም።

ከሱሪው ጀርባ የክንድ ርዝመት ያለው እንጨት መዘዘ። የመዶሻ እጀታ ነው፣ ከፋብሪካው ሲወጣ ይዞት የወጣው ብቸኛ ነገር። አንደኛው ጫፍ ላይ የጥርስ ምልክት አለው። ፕሬሱ ሲታመም የት ጋ እንደታመመ የሚያውቁት በዚህ ነበር፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ጆሮ ለማንም አይጠቅምም።

«አሁን አስነሳት» አለው ሮስኮን።

ሮስኮ መሪው ጋ ገብቶ ቁልፉ ላይ እጁ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ አዞረው። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ተነሳ፣ ጎተራው ተንቀጠቀጠ። ጋሬት በደስታ ፈገግ አለ፤ እሱ የሚሰማው የጭስ ማውጫው ግሣት ነው። ሎዌል የእንጨቱን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ ተከለ፣ ሌላውን በጥርሱ ነከሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ስምንት ፒስተን፣ አራት በዚህ አራት በዚያ። ምቱ ከብረቱ ወደ እንጨቱ፣ ከእንጨቱ ወደ መንጋጋው፣ ከመንጋጋው ወደ ራስ ቅሉ ወጣ። ግራው ጎን ደህና ነው፤ እንደ ሰልፈኛ እግር ይወርዳል። ወደ ቀኝ አሻገረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ አንድ ነገር ጥርሱን ነካው። ቀጭን ምት ናት፤ እንደ ጥፍር፣ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይታ የምትመጣ።

እንዲህ ያለች ምት ከሁለት አንድ ናት። ከሞተሩ ሆድ ከመጣች ሞተሩ ይወርዳል፣ ይበተናል፤ የሌለውን ገንዘብ ይጠይቃል፣ ኢኔዝም ያለችው ይደርሳል። ከላይ ከመጣች ምናልባት ትንሽ ናት። ጊዜው ደግሞ ጥቂት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ ምቷ ትደበቃለች። እንጨቱን ወደ ታች፣ ከዘይቱ መያዣ አጠገብ አወረደው። እዚያ ደካማ ናት። ወደ ሞተሩ አናት፣ የቫልቮላው ሽፋን ላይ አወጣው። አሁንም ደካማ ናት። የጭስ መውጫው ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት፣ የኋለኛው ጥግ ላይ ሲተክለው ግን ምቷ ጥርሱን አንቀጠቀጠችው። ዓይኑን ገልጦ አየ። የመጨረሻው ቡሎን ራስ የለውም፤ ተበጥሷል። ዙሪያውን ጥላሸት እንደ ኩል ተቀብቷል። እዚያው እያየ፣ ብረቱ እየሞቀና እየሰፋ ሄዶ ክፍተቱን ዘጋው። ምቷ ጠፋች።

ነጻ እጁን አወዛወዘ፤ ሮስኮ አጠፋው።

«ምን አገኙ?» አለ ጋሬት።

«ይመታል።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

ሎዌል እንጨቱን ወደ ሱሪው ጀርባ መለሰ። ጋሬት ግን የሮስኮን ፊት አየ። ሽማግሌው መሪው ጋ እንደተቀመጠ አመድ መስሏል፤ ያ ሁሉ ወሬ አልቆበታል። ጋሬት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ሮስኮ ከጸደይ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ምቷን እንደሚሰማ፣ የሚለውን ፈርቶ ለመካኒክ እንዳላሳየው፣ ዛሬም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሲያሞቃት እንዳረፈደ ተናገረ። ጋሬት ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ስልኩን አውጥቶ ተጎታቹን መለሰና ሄደ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሮስኮ ከመኪናዋ ወጥቶ በሩን ሳይዘጋው ቆመ።

«ሰባት ሺህ ስጠኝና ውሰዳት» አለ። «ሞተሩ ሲሞት እዚህ ግቢ ውስጥ ማየት አልፈልግም።»

ሎዌል እጁ አሁንም ብረቱ ላይ ነው። ሰባት ሺህ። የሚተርፈው ገንዘብ ጣሪያውን ግማሽ ያለብሳል። ዝም ብሎ ቢከፍል ማንም አያውቅም፤ የተበጠሰው ቡሎን በአንድ ቅዳሜ፣ በአርባ ዶላርና በብዙ ስድብ ይወጣል። ዋጋውን የጠራው ሰውዬው ራሱ ነው። ደግሞስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲያታልለው የዋለው ማን ነው? በሻይ ሊያስነሳው የሞከረው ማን ነው? ሎዌል ይህንን ሁሉ አሰበ፤ አስቦም ፖስታውን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ የተከፈተውን ኮፈን አየ። የእጁ ቅርጽ በላብ እዚያ ላይ ተስሎ ቀርቷል፣ አምስቱም ጣቶች።

«ሆዱ ደህና ነው» አለ። «ቡሎን ነው የተበጠሰው። በመሐል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይተነፍሳል፣ ያ ነው የሚመታው። ሌላ ምንም የለባትም።»

ሮስኮ የመኪናዋን በር ዘጋ። መጥቶ አጎንብሶ አየው፣ ጣቱን ጥላሸቱ ላይ አድርጎ ጣቱን ተመለከተ።

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል የተቀመጥኩት እውነቱን ለማወቅ ነው፤ አውቄ ልደብቀው?»

«እኔ ከጸደይ ጀምሮ በሁለት ደህና ጆሮ ሳዳምጣት የት እንደሆነ አላወቅሁም። አንተ እንዴት ሰማኸው?»

ሎዌል እንደ ልማዱ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከዚያ ልማዱን ተወና «አልሰማሁትም» አለ። «ጆሮዬ አይሰማም፣ ሮስኮ። ከጀመርክበት ጊዜ አንስቶ የነገርከኝን ግማሹን አልሰማሁህም፤ የቀረውን ደግሞ ከነመሣሪያው ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።»

ሮስኮ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ለአርባ ዓመት አጫራች ከዚህ የበለጠ ስድብ አልነበረም። ዋጋውን ግን አልቀነሰለትም፤ ሎዌልም አልጠየቀውም። ኮፈኑን ዘግቶ አሥር ሺህ ስምንት መቶውን በላዩ ላይ ቆጥሮ አስረከበ፣ ወረቀቱ ተፈረመ፣ ቁልፉ ቀኝ እጁ ውስጥ ወደቀ። ያን ጊዜ ሎዌል እጁን አነሳ።

«አሁን ሽንት ቤቱ የት ነው?»

ሮስኮ በጣቱ አሳየው። ሎዌል ዕድሜውን በማይመጥን ሩጫ ሄደ።

የመጣበትን የጭነት መኪና እዚያው ትቶ፣ ሜርል ሲሻለው መጥቶ እንዲወስደው ከሮስኮ ጋር ተስማምቶ፣ ኮርቬቷን በበቆሎው መሐል ወደ ቤቱ ነዳ። ኢኔዝ በረንዳ ላይ ነበረች። ሜርል አልጋ ላይ መሆኑን ከምሳ በፊት ሰምታለች። ብቻውን ሄዶ ስለመዋሸቱ የሚነገረውን ሁሉ ነገረችው፤ መኪናዋን ሳታይ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዡን ሲከፍት ግን ነጠላ ጫማዋን አድርጋ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዟል። ሎዌል ቁልፉን አዞረ። ኢኔዝ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፣ ቅንድቧም ተሰበሰበ።

«የሆነ ነገር ይመታል» አለች።

«አውቃለሁ። ምን ይመስላል?»

ኢኔዝ አየችው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር ምን እንደማይሰማ ጠይቋት አያውቅም። ወደ መኪናዋ መስኮት ቀርባ የእጁን አንጓ ያዘችና፣ ሞተሩ ሞቆ ምቷ እስክትጠፋ ድረስ ልክ እንደምትሰማው በጥፍሯ ጫፍ መታ መታ አደረገችለት።